ፌንጣዋን ከፍ ያደረግኩበት መስቀል

ሞኝነቴን ሰው ሳይቀድመኝ እኔው ልንገራችሁ። ለእናቴ ብዬ መኪና ገዛሁ። ለእናቴ ብዬ ጎማዋን ቀየርኩ፣ ሞላዋን ቀየርኩ፣ ጣሪያ ሠራሁላት፣ መብራት ደረደርኩባት። ሁሉን ጨርሼ እጄን በጨርቅ እየጠራረግኩ «እማዬ፣ በይ ግቢ» ስላት እናቴ መግባት አቃታት። ከፍ አድርጌባታለሁ። መርካቶን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታምስ ከርመህ ለማን እንደምትሠራ ረሳህ ወይ ብትሉኝ፣ አልረሳሁም፤ ለእናቴ ነው እያልኩ ነበር ስሮጥ የከረምኩት። እግሯን ብቻ ነው ያላየሁት።

የምሸጠው የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ በርሜል፣ በርጩማ፣ ሁሉንም በጅምላ። ሱቄ ከእህል በረንዳ ብዙ አይርቅም። ነፋሱ ከበርበሬ በረንዳ በኩል የመጣ ቀን ደንበኛዬም እኔም እያስነጠስን ነው የምንከራከረው፤ ዋጋ ላይ ተስማማን ወይስ «ይማርህ» ተባባልን፣ የማይለይበት ጊዜ አለ። ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው፣ ሆዴ ግን ቀድሞኝ ሃምሳን አልፏል። ሚስቴ ስለ እኔ ለሰው ስታወራ «መቀመጫው ላይ ምስማር አለበት» ትላለች። እውነቷን ነው። ደንበኛ ሲመጣ በርጩማ አወጣለታለሁ፣ እሱ ይቀመጣል፣ እኔ ፊቱ ቆሜ እወዛወዛለሁ። ሻይ እንኳ የምጠጣው እየተራመድኩ ነው፤ ግማሹን ሸሚዜ ይጠጣዋል።

እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ሰባተኛ ሰፈር እኛ ቤት ነው የምትኖረው። ታላቅ እህቷ ግን አገር ቤት ናቸው፤ ከወልቂጤ ወዲያ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ፣ ኮረኮንቹም ካለቀ በኋላ፣ ጭቃና ሣር ብቻ የቀረበት ቦታ። ሁለቱ በአካል ከተያዩ ዓመታት አልፈዋል። በስልክ ያወራሉ ይባላል እንጂ ኔትወርኩ አንዱን ቃል ሰጥቶ ሁለቱን ስለሚበላ፣ ወሬያቸው በሙሉ «ሃሎ» ነው። ባለፈው ክረምት አክስቴ ከአልጋ መውረድ አቆሙ የሚል መልእክት መጣ። እናቴ ስትሰማ አላለቀሰችም። «የሚመጣውን መስቀል የምውለው እሷ ጋ ነው» አለችና ነጠላዋን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። ገና ሐምሌ ነው። ሻንጣውን በሩ ሥር አቆመችው፤ ስንገባም ስንወጣም ያደናቅፈን ጀመር። አንሺው ለማለት የደፈረ የለም።

የኛ ሰው ለመስቀል አገሩ ይገባል። መርካቶ ግማሹ ይዘጋል። ሳይገባ የቀረ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከስሯል ስለሚባል፣ የከሰረውም እንዳይታወቅበት አዲስ ጫማ አድርጎ ይገባል። የእናቴ ጣጣ ግን የመጨረሻዋ መንገድ ናት። መኪና አይገባባትም። በቅሎ ለመቀመጥ ደግሞ ጉልበት መታጠፍ አለበት። ሰዎች በቃሬዛ ይውሰዱሽ ብላት «ቃሬዛ ላይ ስወጣ እኔ አላውቀውም፤ ያኔ እንደፈለጋችሁ» አለችኝ።

መላው የተገኘው ሐጂ መጋዘን ውስጥ ነው። ሐጂ የምንለው አስመጪ ጓደኛዬን ነው፤ እሱ ለአረፋ አገሩ ሲገባ ሱቁን የምጠብቅለት እኔ ነኝ፣ እኔ ለመስቀል ስገባ የኔን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ዕቃ ላወጣ ገብቼ ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነ ነገር አየሁ። የሰው ሸራ ሳልገልጥ ማለፍ አልችልም፤ ገለጥኩት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥባት፣ በር የሌላት፣ ዙሪያዋ በብረት ቱቦ የታጠረ፣ ወፋፍራም ጎማ ያላት ትንሽ መኪና። ባጃጅ ጂም ገብታ ብትወጣ እሷን ነው የምትመስለው። ጭቃና ገደል እንድትወጣ የተሠራች ናት። አንድ ሎጅ እንግዶቹን ጫካ ለጫካ ሊያዞርባት አዝዞ ኋላ ሐሳቡን ቀየረ አለኝ ሐጂ። መቀመጫዋ ከጉልበቴ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ያን ቀን ዞር ብዬ ቁጭ ብቻ ነው ያልኩባት። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ።

ገዝቻት ቁልፉን ሲሰጠኝ ሐጂ እጄን ያዝ አደረገና «ወላሂ ከካርቶኗ እንደወጣች ናት» አለኝ። «እንዳትነካካት።»

መርካቶ ውስጥ በነጻ የተሰጠ ነገር አይታመንም። ምክሩን አልወሰድኩም።

ስም ያወጡላት የእህል በረንዳ ወዛደሮች ናቸው። አረንጓዴ ናት፣ ስትነሳ ትዘላለች፣ ፌንጣ አሏት። ሱቄ በር ላይ ሳቆማት ሰፈሩ ተሰበሰበ። የኛ መንገድ ላይ መኪና ያለው ሰው ትንሽ ነው፣ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው ግን የለም። ብርድ ልብስ ሻጩ ጣሪያ ያስፈልጋታል አለ። ቆርቆሮ ሻጩ የፊት መስታወት አለ። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መቀመጫዋን ካላለበስኩ ብሎ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ መጣ። እኔ ለሁሉም እሺ አልኩ።

በጣሪያው ጀመርኩ። እናቴን ፀሐይ እንዳይመታት ላሜራ አስበየድኩ። ከዚያ መስታወቱ፣ ከዚያ ከጀርባ ዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ። የጭቃ መከላከያዋ አጭር ሆኖ ታየኝና ከሱቄ ሰማያዊ በርሜል አውጥቼ፣ በመጋዝ ቀድጄ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ ትልቅ ምላስ ሠራሁላት። ሲነፍስ ይርገበገባሉ። ሚስቴ አየቻትና ዝሆን አስመሰልካት ብላ ገባች። ጭቃ ውስጥ ብትቀረቀር ራሷን እንድትጎትት ዊንች አስገባሁ። ዊንቹን ለመሞከር ገመዱን ከሱቄ በር ጋር አሰርኩት። ዊንቹ ይሠራል። በሩን በማግስቱ ብየዳ አስገባነው።

መብራቱ ላይ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም፣ የሙያዬም ነው። ሁለት መብራት ይበቃት ነበር። ግን ጅምላ ነጋዴ መርካቶ መሀል ቆሞ ሁለት ፍሬ መብራት ሲገዛ ከታየ «ምነው፣ ሰውዬው ምን ሆነ?» ይባላል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱቄ ይደርሳል። ስለዚህ በደርዘን ገዛሁ። የተገዛ ነገር ደግሞ አይቀመጥም፣ ሁሉም ተገጠመ። ስናበራው ልብስ ሰፊው ስፌቱን ትቶ ፊቱን በእጁ ጋረደ።

ዋናው ጉድ ግን ጎማው ነው። ሶማሌ ተራ የማውቀው አንድ መካኒክ አለ፤ ሥራው ጥሩ ነው፣ ችግሩ እንደኔ ማቆም አያውቅም። ሱቄ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጎማዋን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ ይሄ ለፈረንጅ ጭቃ የተሠራ ነው፣ የናንተን አገር ጭቃ አያውቀውም አለኝ። ልቤን ነካው። ትልልቅ ጥርሳም ጎማ አገባን። ትልቁ ጎማ መሪው ሲዞር ፓራፋንጎውን ፋቀው። እንዳይፍቀው በጠንካራ ሞላ ከፍ ተደረገች። ከፍ ስትል የምትገለበጥ መሰለኝ፤ ጎማዎቹ ወደ ውጪ እንዲሰፉ ቸርኬው ላይ ወፍራም ብረት ገባ። ሞላው ሲጠነክር ደግሞ መቀመጫው ሰው ያነጥር ጀመር።

«ጋሼ፣ የሚቀመጠው ማነው?» አለኝ መካኒኩ።

«እናቴ።»

«እንግዲያ ስፖንጅ ይጨመራላ።»

ስፖንጅ ተጨመረ። ወፍራሙ። እሱም ሌላ ከፍታ ነው፤ ያኔ ግን ምቾት ነበር የምንለው።

በነዚያ ሳምንታት ሱቅ ውስጥ ነበርኩ ማለት አይቻልም። ደንበኛ ሳፋ ሲጠይቀኝ እኔ የማስበው ስለ ቡሎን ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አንድ የጎደላት ነገር ይታየኛል፤ እሱን ሳስገጥም ሌላ ይጎድላታል። ቤት ስገባ ሻንጣው ያደናቅፈኛል፣ ቶሎ በል ያለኝ ይመስለኝና እራቴን ቆሜ ጎርሼ እወጣለሁ። ሐጂ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመኝና እናትህ አይታታለች ወይ አለኝ። ስታልቅ ታያታለች አልኩት። መርካቶ ካላለቀ አታልቅም ብሎኝ ሄደ።

መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ሱቆቹ ተዘግተው መንገዱ ሲተነፍስ እናቴን አመጣኋት። በርጩማ አወጣሁላት፣ ተቀመጠች። ፌንጣዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ይሄ ሁሉ መብራት ምን ሊያይ ነው?»

«መንገድ ነዋ እማዬ።»

«የምንሄደው በቀን አይደል?»

ሞተሩን አስነሳሁ። እናቴ ከበርጩማው ተነሳች። እንዳትደናቀፍበት ብዬ በርጩማውን በእግሬ ወደዚያ ገፋሁት። የጎኑን ቱቦ ያዘችና እግሯን አነሳች። እግሯ ጎማው መሀል ደረሰና ቆመ። አወረደችው። ሌላኛውን ሞከረች፣ እሱም እዚያው ቆመ። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ሳጠፋው ነው ስንት ሰው ቆሞ እንደሚያይ ያወቅኩት።

ከወዛደሮቹ አንዱ ቀረብ ብሎ «እማማ፣ እናንሳዎት?» አላት።

«እኔ ጤፍ ነኝ?»

«ጤፍ ቢሆኑማ አንጠይቅዎትም ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እናቴም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ ስትገዛት ይህን ያህል ነበረች ወይ አለችኝ። እጄን ጉልበቴ ጋ አድርጌ አሳየኋት።  ቤት ስንገባ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አንስታ አልጋ ሥር አስገባችው። ከሐምሌ ጀምሮ ያደናቀፈን ሻንጣ ነው፤ ከተነሳ በኋላም እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ እግሬን አነሳ ነበር።

ሰኞ ሱቆች ሳይከፈቱ ሶማሌ ተራ ነበርኩ። የድሮውን ሞላና ጎማ መልስልኝ አልኩት መካኒኩን። ራሱን አከከ። ለአንድ ሰው ሰጥቷቸዋል፣ ያ ሰው ደግሞ ለሌላ። መርካቶ ውስጥ ዕቃ ተኝቶ አያድርም፤ ይሄን ሕግ ዕድሜ ልኬን ስኖርበት የመጀመሪያ ጊዜ ጠላሁት። አንዱ ወደ አንዱ ይልከኛል፣ ሁሉም «አሁን ወጣ» ይለኛል። ሞላዎቹ ወደ ጅማ በሚሄድ መኪና ተጭነው ሄደዋል። ሌላ ይፈለግ ቢባል ለሷ ልክ የሚሆን የለም፤ የገጠምንላት ራሱ ተቆርጦ ተበይዶ የተገኘ ነው። ጎማዎቹን ግን በዓይኔ አየኋቸው፤ የሽንኩርት ጋሪ ተሸክመዋል። ባለጋሪውን ለመንኩት። ከነዚህ ጎማዎች ወዲህ ሽንኩርቱ ሳይላላጥ እንደሚደርስለት፣ ወገቡም እንደተሻለው ዘርዝሮ ነገረኝ። እናቴ ጉልበቷን እንደሚያማት ስነግረው ከልቡ ይማርልህ አለኝና ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ጋሪው ድምፅ እንኳ አያሰማም።

ከሰዓት ቤት ገብቼ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። እየተንጎራደድኩ ስለ ሞላው፣ ስለ ጅማው መኪና፣ ስለ ሽንኩርቱ አወራሁላት። ከምስሩ ቀና ሳትል፣ እህል በረንዳ ጆንያው መኪና ላይ እንዴት ነው የሚወጣው አለችኝ። መኪናው ወደ በረንዳው ይጠጋል፣ በረንዳው ከመኪናው እኩል ነው፣ ወዛደሩ ዝም ብሎ ተራምዶ ይገባል አልኳት።

«እሺ» አለች። «እኔም ከበረንዳ እጫናለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ የጭነት መኪኖቹ ሳይመጡ፣ ፌንጣዋን እህል በረንዳ ወስጄ ከአንዱ መጋዘን በረንዳ ጋር ጎን ለጎን አስጠጋኋት። እናቴ በዳር ያሉትን አጫጭር ደረጃዎች ክንዴን ይዛ አንድ በአንድ ወጣች። በረንዳው ላይ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ዞር አለች፣ ቁጭ አለች። ያ ወዛደር ከታች ሆኖ ጭነት ደርሷል፣ ይነዳ አለ። ነጋዴዎቹ ከጆንያ መሀል ብቅ ብቅ እያሉ ሰላም ሲሏት ከዚያ ከፍታ አንገቷን ብቻ ነቅነቅ ታደርግላቸዋለች። ትንሽ ዞርን። ስንመለስ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ «መውረጃውስ?» አለችኝ።

«እሱን እዚያ እናየዋለን።»

ሐጂ ይሄን ሲሰማ ወደ ሰማይ አየ። ያን ቀን ሻንጣው በሩ ሥር ተመለሰ፣ እኔም ሆን ብዬ ተደናቀፍኩበት።

ፌንጣዋ በጭነት መኪና፣ እኛ በሐጂ መኪና ሄድን። መንገዱን ሁሉ ከጭነት መኪናው ኋላ ኋላ ስነዳ ሲከንፍ ወደቀች፣ ሲቆም ተፈታች እያልኩ ሚስቴን አሰለቸኋት። ኮረኮንቹ የሚያልቅባት ትንሽ ከተማም የእህል መጋዘን አላት፣ መጋዘን ካለ በረንዳ አይጠፋም፤ እናቴ እንደለመደ ሰው ከዚያ ተጫነች።

ፌንጣዋን እንግዲህ ላመስግናት፣ ጭቃውን በላችው። ጣሪያውን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቀለበሰው። ከበርሜል የሠራኋቸው ምላሶች አንድ በአንድ ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ከመብራቶቹ አንዱ በራሱ ጊዜ በርቶ አልጠፋ አለ፣ በጠራራ ፀሐይ አብርቼ ሄድኩ። እናቴ በአንድ እጇ ቱቦውን በአንድ እጇ ሸሚዜን ይዛ፣ የእንሰቱ ቅጠል ፊታችንን ሲመታን ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ። ጀፎሩ ላይ ስንደርስ፣ የመንደሩ የጋራ ሣር ነውና በጥርሳም ጎማ እንዳላርሰው ዳር ዳሩን ይዤ አክስቴ ደጃፍ አቆምኩ።

እናቴ ወደ ታች አየች። እኔም አየሁ። እዚያ እናየዋለን ያልኩትን እያየነው ነው።

ሰው ከበበን። አንዱ መሰላል ይምጣ አለ፣ ሌላው ጎማው ሥር እንቆፍር አለ። እንሸከማት ስል እናቴ በእህቷ አማቾች ፊት እንደ ጎመን እንደማትታቀፍ ነገረችኝ። ዝም ብዬ መቆም ስለማልችል ጎማውን ማስተንፈስ ጀመርኩ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አየሩ ፊቴ ላይ ይነፋል።

«ልጄ፣ ምን እያደረግክ ነው?» ትላለች ከላይ።

«እያወረድኩሽ ነው» እላለሁ ከታች።

ከቤት ውስጥ የአክስቴ ድምፅ መጣ። ቀጭን ሆኗል፣ ማዘዝ ግን አልረሳም። ጫጫታው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ እህትዎ መጥተው ከመኪናው መውረድ አቃታቸው ተባሉ። 

«እህቴን ደጅ አታቁሙብኝ» አሉ። «ያንን በርጩማ አውጡላት።»

የወጣው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርጩማ ነው። ወዲያው አወቅኩት። የኔ ዕቃ ነው፤ ባለፈው መስቀል ከሳፋና ከባልዲ ጋር ልኬላቸው ነበር። ጎማው አጠገብ ተቀመጠ። እናቴ ቱቦውን ይዛ አንድ እግሯን በርጩማው ላይ አሳረፈች፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ከዚያ መሬት ረገጠች። በቃ፣ ይኸው ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ውስጥ ገባች። እኔ የጎማውን ክዳን በእጄ ይዤ እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። ሱቄ ውስጥ እስከ ጣሪያ የተደረደረው በርጩማ ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ፤ እሑድ ዕለት በእግሬ የገፋሁት ደግሞ ከሁሉም ፊት።

ስገባ አክስቴ ትራስ ተደግፈው ነበር። እናቴ ያንኑ በርጩማ አስገብታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትቀበላለች፤ ሃሎ የሚል የለም። በዓሉን እንደዚያው ዋሉ። ክትፎው ሲቀርብ እንኳ እጃቸው የሚላቀቀው ለመጉረስ ያህል ነው። እኔ ግቢውን ስዞር ዋልኩ። ገብቼ አያቸዋለሁ፣ ቡሎን ላጥብቅ ብዬ እወጣለሁ። የሚጠብቅ ቡሎን አልነበረም።

እናቴ እዚያ ልትከርም ቀረች። እኔ የምመለስ ቀን አክስቴን ልሰናበት ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ክንዴን ያዙና አልለቅ አሉኝ። በበሩ በኩል ወደ ፌንጣዋ አዩ፤ ጣሪያዋ ተቀልብሶ፣ አንድ መብራቷ በቀን እየበራ ቆማለች። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ አንድ እግሬ ቀድሞ ደጅ ወጥቷል።

«ልጄ፣ መርካቶ የምትሸጠው በርጩማ ነው አሉኝ» አሉ። «አንተ ግን አንድ ቀን ተቀምጠህበት ታውቃለህ?»